ዳኛው ሲሳሳት፣ ደጋፊው ሲቆጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትልቅ ውድድር በመጣ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። ሻይ ቤት ይነሳል፣ ታክሲ ውስጥ ይነሳል፣ ስልካችን ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል። መጀመሪያ «ዳኛው በላን!» ይባላል፤ ከዚያ ስድቡ ይከተላል። እኔም ተናድጄ ከቴሌቪዥን ፊት ተነስቼ የወጣሁባቸው ጨዋታዎች አሉ፤ ስለዚህ የማንንም ንዴት አልንቅም። ግን ከንዴቱ ጋር የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ መልስ አላቸው። የማውቀውን እዚህ ላስፍር። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳኛው መሳሳቱ በቪዲዮ ከታየ ውጤቱ ለምን አይሰረዝም?

እግር ኳስ ላይ ሕጉ አጭር ነው። ዳኛው ሜዳ ላይ ስለሆነው ነገር የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ኳሷ እጅ ነካች አልነካችም፣ መስመር አለፈች አላለፈችም የሚለው ጨዋታው ቆሞ እንደገና ከተጀመረ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም። በ1986 ማራዶና ሜክሲኮ ላይ በእንግሊዝ መረብ ላይ በእጁ ሲያገባ ቱኒዚያዊው ዳኛ አሊ ቢን ናስር አላየም። ዓለም አየ። ጎሉ ግን እስከ ዛሬ ጎል ነው። በ2009 ቲዬሪ ኦንሪ ፓሪስ ላይ ኳሷን በእጁ አቁሞ ለጋላስ አቀበለና ፈረንሳይ ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች። ኦንሪ ራሱ «እጄን ነክታለች» ብሎ አመነ። አየርላንድ ጨዋታው ይደገም ብላ ብትጠይቅም ፊፋ እምቢ አለ።

ያንገበግባል፤ አውቃለሁ። ግን ተቃራኒውን አስቡት። እያንዳንዱ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ቢሮ ውስጥ በቪዲዮ እንደገና የሚዳኝ ቢሆን ኖሮ ሻምፒዮናው መቼ ያልቅ ነበር?

ታዲያ በዳኛ ጥፋት ጨዋታ ተደግሞ አያውቅም?

ተደግሟል፤ ግን በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። እኔ ለሰው ሁልጊዜ የምነግረው ሁለት ታሪክ አለ።

የመጀመሪያው በ2005 ታሽከንት ላይ የሆነው ነው። ኡዝቤኪስታን ከባህሬን ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እየተጫወተች 1 ለ 0 ትመራ ነበር። ፔናሊቲ አገኘች፣ አገባችም። ችግሩ ምቱ ሳይመታ አንድ የራሷ ተጫዋች ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነበር። ሕጉ ያን ጊዜ ምቱ ይደገም ይል ነበር። ጃፓናዊው ዳኛ ግን ጎሉን ሽሮ ለባህሬን ቅጣት ምት ሰጠ። ይሄ «አላየሁም» የሚባል ስህተት አይደለም፤ አይቶ ሕጉን በተሳሳተ መንገድ መተርጎም ነው። ለዚህ ነው ፊፋ የገባበት። የሚያሳዝነው ግን ክሱን ያቀረበችው አሸናፊዋ ኡዝቤኪስታን ራሷ መሆኗ ነው። 3 ለ 0 ይመዝገብልኝ ብላ ጠየቀች፤ ፊፋ ጨዋታውን ከነጭራሹ ሰርዞ ይደገም አለ። ድጋሚው 1 ለ 1 አለቀ፤ የመልሱ ጨዋታ 0 ለ 0። ባህሬን ከሜዳዋ ውጭ ባገባችው ጎል አለፈች።

ሁለተኛው የአፍሪካ ነው። ኅዳር ወር 2016 ደቡብ አፍሪካ ሴኔጋልን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ጋናዊው ዳኛ ጆሴፍ ላምፕቴይ ኩሊባሊ ላይ የእጅ ኳስ ነፍቶ ፔናሊቲ ሰጠ። ኳሷ የነካችው ጉልበቱን ነበር። ፊፋ መርምሮ ዳኛውን ዕድሜ ልክ አገደው፤ ጨዋታውም ከዓመት በኋላ ተደገመ። ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ሩሲያው የዓለም ዋንጫ ሄደች። እዚህ ላይ ጨዋታውን ያስደገመው የውሳኔው መጥፎነት ብቻ አይደለም። ፊፋ ዳኛው ሆን ብሎ ውጤት አዛብቷል ብሎ ስለወሰነ ነው። ልዩነቱን ያዙልኝ፤ አብዛኛው ክርክራችን የሚበላሸው ስህተትንና ሌብነትን አንድ አድርገን ስለምንጮህ ነው።

ሩጫ ላይ ግን ውሳኔ ሲቀየር አይተናል። እዚያ ለምን ይቻላል?

አትሌቲክስ የአቤቱታ በር ስላለው ነው። ውጤቱ በይፋ በተነገረ በ30 ደቂቃ ውስጥ አትሌቱ ወይም የቡድኑ ተወካይ መጀመሪያ ለዳኛው በቃል ያመለክታል። መልሱ ካላረካው በጽሑፍ ለይግባኝ ሰሚው ጁሪ ያቀርባል፤ 100 ዶላር ያስይዛል። ካሸነፈ ገንዘቡ ይመለስለታል።

ይሄ ለኛ የራቀ ወሬ አይደለም። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ የ3000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ላይ እቴነሽ ዲሮን ታስታውሳላችሁ። ከፊቷ ሯጭ ወደቀችና ተደራረቡ፤ እቴነሽም በግርግሩ ጫማዋ ከተረከዟ ወጣ። ልታስገባው ታገለች፣ እምቢ ሲላት አውልቃ ወረወረችው፣ ካልሲውንም አወለቀች፣ ከዚያ በአንድ እግሯ ባዶ ሆና መሰናክሉንና ውሃውን እየዘለለች ጨረሰች። ሰባተኛ ወጣች፤ አላለፈችም። መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበላት።

ጭብጨባው ልብ ይሞላል፤ ወደ ፍጻሜው ያስገባት ግን አቤቱታው ነው። ዳኞቹ ቪዲዮውን አይተው እሷንም፣ አብረዋት የተጎዱትን የአየርላንድና የጃማይካ ሯጮችንም ወደ ፍጻሜው ጨመሩ። የቡድን መሪው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከንፈሩን እየመጠጠ ቢቆም ኖሮ ዛሬም «በደሏት» እያልን እናወራ ነበር።

አትሌቱ «ከሜዳ አልወጣም» ብሎ ቢቀመጥስ?

ሁለት ኮሪያውያን አሉ፤ ሁለቱም ተቀምጠዋል፤ ግን ነገራቸው ለየቅል ነው።

በ2012 ለንደን ላይ ሺን ኤ ላም በፌንሲንግ፣ ማለትም በሻሞላ ግጥሚያ፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ነበረች። ሰዓቱ እኩል ሆነው ካለቀ እሷ ናት የምታልፈው። የቀረው 1 ሰከንድ ነው። በዚያች 1 ሰከንድ ውስጥ ተጋጣሚዋ ጀርመናዊቷ ብሪታ ሃይደማን ደጋግማ ወጋች፤ ሰዓቱ ግን ከ1 አልነቃነቅም አለ። በመጨረሻ ነጥቡ ለጀርመኗ ተቆጠረ። አሰልጣኞቿ ይግባኝ አሉ። ይግባኙ እስኪታይ መድረኩን ለቅቃ ብትወርድ ውሳኔውን እንደተቀበለች ስለሚቆጠርባት ሺን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻዋን እያለቀሰች ተቀመጠች። ማንንም አልሰደበችም። ይግባኙ ውድቅ ሆነ፣ ቆይታም ለነሐስ ተወዳድራ ተሸነፈች፤ ከቀናት በኋላ ግን በቡድን የብር ሜዳሊያ አገኘች። እኔ ያቺን ሴት ሳስባት ዛሬም ያመኛል።

በ1988 ሴኡል ላይ ደግሞ ቦክሰኛው ብዩን ጆንግ ኢል በቡልጋሪያዊ ተሸነፈ። የራሱ አሰልጣኞችና የቡድን ሰዎች ሪንግ ውስጥ ገብተው ኒውዚላንዳዊውን ዳኛ ኪት ዎከርን ደበደቡት። ብዩን ለ67 ደቂቃ ሪንጉ ላይ ተቀመጠ፤ መብራት ጠፍቶበት። ዳኛው ኮሪያን ለቅቆ ሄደ። ምናልባት ኮሪያውያኑ ቅሬታቸው ልክ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ነጥቡ ያወራ ሰው የለም። ሁሉም የሚያስታውሰው ዱላውን ነው።

ቫር ከመጣ በኋላ እንኳ ክርክሩ ለምን አልቆመም?

ቫር፣ ማለትም ዳኛውን በቪዲዮ የሚረዳው አሠራር፣ ሁሉን ነገር አያይም። ጎል፣ ፔናሊቲ፣ ቀጥታ ቀይ ካርድና ካርዱ ለተሳሳተ ሰው ከተሰጠ፤ ሲጀመር አራት ብቻ ነበሩ። ማዕዘን ምት አላግባብ ተሰጥቶባችሁ ከዚያ ጎል ቢገባባችሁ ቫር ማዕዘኑን አይሰርዝላችሁም ነበር። በዚያ ላይ ስህተቱ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ ግልጽ የሚለው ቃል ደግሞ ለባለሜዳውና ለእንግዳው አንድ ሆኖ አያውቅም።

ማሽኑ ጨርሶ ካልሠራስ? በ2019 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ቱኒዚያ ውስጥ ራደስ ላይ የሆነው ይሄው ነው። የሞሮኮው ዊዳድ ካዛብላንካ የቱኒዚያውን የኤስፔራንስን ጎል በአቻ መለሰ፤ ዳኛው ባካሪ ጋሳማ በኦፍሳይድ ሻረው። ተጫዋቾቹ «ቫር ይታይ!» አሉ። ቫሩ ግን አይሠራም ነበር። ዊዳድ አልጫወትም ብሎ ቆመ፤ ከረጅም ግርግር በኋላ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካፍ ቆይቶ ጨዋታው ይደገም አለ፤ ጉዳዩ ስዊዘርላንድ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ በመጨረሻም ዋንጫው እዚያው ኤስፔራንስ ጋ ቀረ። በኔ እምነት የማይሠራ ማሽን ሜዳ ላይ አቁሞ ፍጻሜ ማስጀመር የአዘጋጁ ጥፋት ነው። ሜዳ ጥሎ መውጣት ግን ተጨማሪ የክስ በር ይከፍትባችኋል እንጂ ጎሉን አይመልስም።

የደጋፊ ጩኸት እውነት ዳኛ ላይ ይሠራል?

ይሠራል። እንግሊዝ ውስጥ በ2002 የታተመ ጥናት አለ። 40 ዳኞች አንድ የሊቨርፑልና የሌስተር ጨዋታ በቪዲዮ እንዲዳኙ ተደረገ፤ ግማሾቹ የተመልካቹን ድምፅ እየሰሙ፣ ግማሾቹ ድምፁ ተዘግቶ። ድምፁን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የነፉት ጥፋት በ15 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። በኮቪድ ጊዜ ስታዲየሞች ባዶ ሲሆኑም የባለሜዳው ጥቅም መቀነሱ ታይቷል። እንግዲህ ዳኛውም ሰው ነው፤ ጆሮ አለው።

ጩኸት ነጥብ ያስቀየረበትን ቀንም እናውቃለን። አቴንስ 2004፣ ጂምናስቲክ፣ አግድም ዘንግ። ሩሲያዊው አሌክሲ ኔሞቭ በአየር ላይ እየበረረ ስድስት ጊዜ ዘንጉን ለቅቆ ያዘ፤ 9.725 ተሰጠው። ስታዲየሙ ተናወጠ። ፉጨቱና ጩኸቱ 10 ደቂቃ ገደማ ቆየ። ዳኞቹ ተደናግጠው ነጥቡን ወደ 9.762 ከፍ አደረጉ፤ ሕዝቡ ጭራሽ ባሰበት። ቀጣዩ ተወዳዳሪ አሜሪካዊው ፖል ሃም ዘንጉ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ የተበደለው ኔሞቭ ራሱ ወደ መድረኩ ወጣ፣ ሕዝቡን አመሰገነ፣ በእጁ «ጸጥ በሉ» አላቸው። ጸጥ አሉ። እሱ ሜዳሊያ አላገኘም።

ነጥቡ በጩኸት መቀየሩ ያስደስታችኋል? እኔን አያስደስተኝም። 9.725 ልክ ከነበረ ለምን ተቀየረ? ልክ ካልነበረ ለምን ጩኸት ጠበቀ?

መጮህ መብቴ አይደል? መቼ ነው ነውር የሚሆነው?

መብት ነው። ለራስ ቡድን መጮህ፣ ውሳኔ ላይ ማፏጨት፣ መዘመር፣ ሁሉም የስታዲየም ሕይወት ነው። ነውር የሚሆነው ሰውየውን ሥራውን እንዳይሠራ ስታደርጉት ነው። ሪዮ ላይ ፈረንሳዊው ምርኩዝ ዘላይ ሬኖ ላቪሌኒ ሊዘል በተዘጋጀ ቁጥር ሕዝቡ ጮኸበት። ብራዚላዊው ቲያጎ ብራዝ 6.03 ሜትር ዘሎ አሸነፈው። ላቪሌኒ ተናዶ ነገሩን በናዚ አገዛዝ ሥር ከተካሄደው ከ1936ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ ጋር አነጻጸረ፤ ያ ንግግር ከልክ ያለፈ ነበር፣ ይቅርታም ጠየቀበት። በማግስቱ ሜዳሊያ ሲሸለም ግን እንደገና ጮኹበትና መድረክ ላይ አለቀሰ። ያሸነፈ ሕዝብ የተሸነፈን ሰው ሽልማት ላይ ማሳቀቁ ምን ይጠቅመዋል?

የሌዘሩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ2022 ሴኔጋል ከግብፅ ጋር በፔናሊቲ ሲለያዩ የሳላህ ፊት በአረንጓዴ ሌዘር ተሸፍኖ ነበር። ሳተ። ፊፋ የሴኔጋልን ፌዴሬሽን 175,000 የስዊዝ ፍራንክና አንድ ጨዋታ ያለ ተመልካች በዝግ ቀጣ። ሌዘር ዓይን ላይ ማብራት ድጋፍ አይባልም።

የኛስ ደጋፊ እንዴት ነው? እኛ ጨዋዎች አይደለንም እንዴ?

ብዙ ጊዜ ነን። አንድ ቀን ግን አልነበርንም፤ እሱን ሳልጽፍ የሌላውን አገር ብቻ ብጽፍ አድልዎ ይሆንብኛል።

ጥር 2013፣ ኔልስፕሩት፣ ደቡብ አፍሪካ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰናል። ተጋጣሚያችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ናት። እዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አልብሰውታል፤ በቴሌቪዥን እያየሁ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ሳላዲን ሰይድ ፔናሊቲ ሳተ። ከዚያ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከሳጥኑ ወጥቶ እግሩን ከፍ አድርጎ የዛምቢያውን ሉንጉን መታው። ቀይ ካርድ።

ጠርሙሱና ቩቩዜላው መዝነብ ጀመረ። ጨዋታው ቆመ። የኛው ልጆች ሮጠው ወደ ደጋፊው ፊት ሄደው «ተዉ!» ማለት ነበረባቸው።

አሁን ቀዝቀዝ ብለን እንነጋገር። ቀይ ካርዱ ልክ ነበር። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ልክ ነበር። የተቆጣነው ዳኛው ስለተሳሳተ አይደለም፤ 31 ዓመት የጠበቅነው ደስታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ስለመሰለን ነው። ያ ስሜት ይገባኛል። ግን ጠርሙሱ ሲወረወር ሜዳ ላይ የነበሩት በአንድ ሰው ጎድለው የሚጫወቱት የኛ ልጆች ናቸው። የቆመው የነሱ ጨዋታ ነው። ካፍ በኋላ የቀጣውም የኛን ፌዴሬሽን ነው። ልጆቹ ደግሞ አላፈሩንም፤ በ10 ሰው እየተጫወቱ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 አለቀ። ያን ቀን ለዓለም መታየት የነበረበት የአዳነ ጎል ነበር። ብዙ የውጭ ጋዜጦች የጻፉት ግን ስለ ቩቩዜላው ነው።

ወርዋሪው አንድ ሰው ሆኖ ፌዴሬሽኑ ለምን ይቀጣል?

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ፌዴሬሽኑ ባያጠፋም ለደጋፊው ኃላፊ ነው። ፍትሐዊ አይመስልም፤ ግን ሌላ መንገድ ስላልተገኘ ነው። ዘረኝነት ሲሆን ዳኛው ሦስት ደረጃ ይዟል፦ ጨዋታውን ያቆማል፣ ካልተስተካከለ ተጫዋቾቹን ወደ መልበሻ ክፍል ይመልሳል፣ አሁንም ካልቆመ ጨዋታውን ይዘጋል። በ2019 ሶፊያ ላይ ቡልጋሪያ ከእንግሊዝ ጋር ስትጫወት ሁለት ጊዜ ቆሟል።

በአንድ የዳኛ ውሳኔ ምክንያት ሰው ሞቶ ያውቃል?

ሞቷል። ሊማ፣ ግንቦት 24 ቀን 1964። ፔሩና አርጀንቲና ለኦሎምፒክ ማጣሪያ ይጫወታሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኡራጓያዊው ዳኛ አንጄል ፓዞስ የፔሩን የአቻነት ጎል ሻረ። ሁለት ተመልካቾች ሜዳ ገቡ፣ ፖሊስ ደበደባቸው፣ ሕዝቡ ተነሳ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ወደ ተቀመጠው ሰው ተኮሰ። ሕዝቡ ወደ መውጫው ሮጠ። ከታች ያለው የብረት በር ዝግ ነበር። በመንግሥት ቁጥር 328 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ታፍነው።

ይሄን የምጽፈው «ስለዚህ ዝም በሉ» ለማለት አይደለም። የገደላቸው የተዘጋው በርና ጭሱ ነው፤ የፖሊስና የስታዲየሙ ጥፋት ነው። ግን ሰንሰለቱ ሜዳ ውስጥ ከገቡት ሁለት ሰዎች ይጀምራል።

ዳኞች ጉቦ ይበላሉ?

አንዳንዶቹ በልተዋል፤ ብዙዎቹ ግን በቃ ይሳሳታሉ። ቦክስ ነው የባሰው። ሮይ ጆንስ በ1988 ሴኡል ላይ በፍጻሜው ኮሪያዊውን ፓርክ ሲ ሁንን ሲያራግፈው ዋለ፤ ዳኞቹ 3 ለ 2 ለፓርክ ሰጡት። የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ ተብሎ የተሸለመው ደግሞ ራሱ ጆንስ ነው! ኋላ የተደረገው ምርመራ የጉቦ ማስረጃ አላገኘም፤ ሜዳሊያውም አልተመለሰም። ፓርክ ግን በ2023 አሜሪካ ድረስ ሄዶ ወርቁን በገዛ እጁ ለጆንስ ሰጠው። 35 ዓመት ተሸክሞት ኖሯል ማለት ነው። ያላግባብ የተሰጠ ድል ለተቀባዩም ሸክም መሆኑን ከዚህ ሰው በላይ የሚያሳየኝ የለም።

ኢትዮጵያዊ ዳኞች በዚህ ዓይነት ጨዋታ ተፈትነው ያውቃሉ?

በደንብ። በ2018 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የመጀመሪያው ጨዋታ ግብፅ ላይ በፔናሊቲና በቫር ጭቅጭቅ ተበጠበጠ፤ የአል አህሊው ዋሊድ አዛሮ ማሊያውን ራሱ ቀድዶ ተጎተትኩ ማለቱ ታውቆበት ታገደ። ቱኒዚያውያን በንዴት ነደዱ። ከሳምንት በኋላ ራደስ ላይ በዚያ እሳት መሃል ፊሽካውን የያዘው የኛው በአምላክ ተሰማ ነው። ኤስፔራንስ 3 ለ 0 አሸነፈ። ሊዲያ ታፈሰም በ2021 ካሜሩን ላይ በቻን፣ ማለትም በአገራቸው ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች በሚዘጋጀው የአፍሪካ ውድድር፣ የወንዶችን ጨዋታ በዋና ዳኝነት መርታለች። እነሱ ውጭ ሲዳኙ እንዲከበሩ የምንፈልግ ከሆነ እንግዳ ዳኛ እኛ ሜዳ ሲመጣ «ሌባ! ሌባ!» የምንለው ነገር ይከብደኛል።

ስታዲየም ውስጥ አጠገቤ ያለ ሰው ጠርሙስ ሊወረውር ቢያነሳ ምን ላድርግ?

ስሙን ባታውቁትም «ወንድሜ» በሉትና ክንዱን ያዙት። ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሰው የሚወረውረው ማንም የማያየው ሲመስለው ነው። ሰክሮ ወይም በጣም ተናዶ ከሆነ ግን አትታገሉት። ከሱ ራቁ፣ ልጆች ካሉ ልጆቹን ይዛችሁ ፈቀቅ በሉ፣ አስተናባሪውን ጥሩና የወንበሩን ረድፍ ንገሩት። አስተናባሪው ካልሰማ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ጠርሙሱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ደግሞ በቪዲዮ እየቀረጻችሁ አትሳቁ።